በዘውድ በዓል ቀን የተቀበረው አጎቴ

አጎቴ መሞቻ ቀኑን መምረጥ ቢችል ኖሮ የዘውድ በዓል ዋዜማን አይመርጥም ነበር። ሰው አክባሪ ነበር። ከአዲስ አበባ ሹም በመጣ ቁጥር፣ ወደ ጀጎል ግንብ በሚወስደው መንገድ ዳር ባንዲራ ይዞ ፀሐይ ላይ የሚቆመው እሱ ነው። ሹሞቹ መቼም ቶሎ አይመጡም፤ ቶሎ የመጣ ሹም፣ ሹም አይመስልም።

በማግስቱ አስከሬኑን ይዘን ልንወጣ ስንል የበዓሉ አስተናባሪ እያለከለከ ደረሰ። ለበዓሉ ከአዲስ አበባ የሚጠበቁት እንግዳ የሚመጡት እኛ ለቀብር በምንሄድበት መንገድ ነው፤ ሰፈሩም ከጧት ጀምሮ ለእልልታ ተሰልፏል።

«እትዬ፣ ቀብሩን ማንም አይከለክልም» አላት አክስቴን። «ብቻ እንግዳው እስኪያልፉ ለቅሶ እንዳይሰማ። ጥቁር ልብስዎንም በነጭ ነጠላ ሸፈን ያድርጉት።»

«ባሌን በወጉ ሳላለቅስለት አፈር አላለብሰውም!» አለች አክስቴ። ከዚህ ሌላ የፈለገችው ነገር አልነበረም። ይህን ብላ ጩኸቷን ለቀቀችው፤ እኛም አስከሬኑን አንሥተን ወጣን።

ሰልፈኛው ሲያየን ግራ ገባው። ሰልፉን ጥሎ ቢሄድ ሹም ይቆጣል፤ ከቀብር ቢቀር ደግሞ ነገ እሱን ማን ይቀብረዋል? ጊደር መጋላ ገበያ እህል የሚነግዱት ሐጂ ጎረቤታችን ባንዲራቸውን አጠገባቸው ለቆመው ፖሊስ አስረከቡ።

«ወላሂ፣ የጎረቤቴ ጀናዛ እያለፈ እዚህ አልገተርም!» ብለው ተከተሉን። ሰዉም እሳቸውን ተከተለ።

እንግዳው ሲደርሱ መንገዱ ላይ የጠበቋቸው የዘንባባ ቅስት፣ ባንዲራ የታቀፈው ፖሊስና አስተናባሪው ብቻ ነበሩ። ሕዝቡ የት እንደሄደ ጠየቁ። አስተናባሪው ለእንጀራው ሲል አጎቴን እዚያው ሾመው።

«ታላቅ አርበኛ ሞተውብን ነው፣ ክቡርነትዎ!»

አጎቴ በሕይወቱ ከዶሮ በቀር ያረደው ነገር የለም።

እንግዳው ከነሙዚቀኞቻቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን መጡ። ሹማምንቱ ሁሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ፍትሐቱ እስኪያልቅ ፀሐይ ላይ ቆሙ። ቄሶቹም ይህን ያህል ባለሥልጣን ሲያዩ ፍትሐቱን አስረዘሙት። አስተናባሪው ወደ አክስቴ ጠጋ ብሎ «አርበኝነታቸውን እያነሡ ያልቅሱ» ሲል አንሾካሾከ። አክስቴ ደረቷን እየመታች ሙሾውን አወጣችው፦

«ዕድሜህን በሙሉ ቁም ሲሉህ የኖሩ፣
ዛሬ ግን ስትተኛ ቆመው ተሰደሩ።»

እኔ ሳቄና ለቅሶዬ ተደባለቁብኝ። አስተናባሪው ላብ በላብ ሆነ፤ እንግዳው ግን አንገታቸውን ደፉ። አክስቴ እስኪበቃት አለቀሰች፤ ዝም በይ ያላት ሰው አልነበረም።