ሸጊቱ በሩ ላይ የቆመችበት ማክሰኞ

ሸጊቱ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጡረታ ስትወጣ ልጆቿ እፎይ ብላ ትቀመጣለች ብለው ነበር። እሷ ግን ከጣና ዳር፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ አንድ ግቢ ተከራይታ፣ ጎዳና ላይ ለሚያድሩ ሰዎች የቀን ማረፊያ ከፈተች። እህሉን የጽዋ ማኅበርተኞቿ ያዋጣሉ። ሰዎቹ ጠዋት ይገባሉ፤ ገላቸውን ይታጠባሉ፣ ልብሳቸውን ያጥባሉ፣ ምሳ በልተው ጥላ ሥር ጋደም ይላሉ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን በሩ ይዘጋል። ወረቀት ላይ ሌላ ስም ቢኖረውም አገሩ ሁሉ የሚያውቀው «የሸጊቱ ግቢ» እያለ ነው።

ጎዳና ላይ የተጀመረ ጠብ እዚያ ነበር የሚጨረሰው። ሸጊቱ በስድስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጥርሷ ረግፏል፤ ከሰው እጅ ምላጭ መንጠቅም ተክናለች። ዘበኛው አለበል ጠዋት ጠዋት በር ላይ ዱላና ስለት ይረከባል። ደም ለግቢው እንግዳ አልነበረም።

ለዚህም ነው በዚያ ማክሰኞ ጠዋት ገድሉ ሸሚዙ እስከ ክርኑ ቀልቶ ሲገባ ያልደነገጠችው። ገድሉ ከመሸንቲ ወዲያ ካለ ገጠር መጥቶ አሸዋ በመጫን የሚኖር፣ ማደሪያውን ወደቡ ደረጃ ላይ ያደረገ ዝምተኛ ሰው ነው።

«ተፈነከትህ እንዴ?» አለችው።

«ነስሮኝ ነው፣ እትየ» አላት ቀና ሳይል።

ሳሙና ሰጠችው። እጅጌው አልለቅ ቢለው ተቀብላ ራሷ አሸችለት። የሳፋው ውኃ ሦስት ጊዜ ተደፋ።

ሸሚዙ ገመድ ላይ ገና ሲንጠባጠብ ከገበያው በኩል ጩኸት ተነሣ። አለበል ከበሩ እየሮጠ መጣ።

«እትየ ሸጊቱ፣ መጡብን! የአገርነሽን ልጅ፣ ኪሩቤልን ወግተውታል። የወጋው እዚህ ገባ እያሉ ነው!»

አገርነሽ የገበያው ዓሣ ሻጭ ናት፤ ሸጊቱም ደንበኛዋ ነበረች። ዞር ብላ ስታይ ገድሉ እርጥቡን ሸሚዝ እየለበሰ ነው።

«አንተ ነህ?»

«ወጋሁት፣ እትየ። በተኛሁበት የዓሣ እጣቢ ደፋብኝ። ትናንትም ደፍቶብኝ ዝም ብየው ነበር። ዛሬ ስነሣ ቢላዋው እጄ ላይ ነበር።»

«ሞተ?»

«እኔ እንጃ። ሲወድቅ ሮጥሁ።»

ግቢው ውስጥ አርባ የሚሆን ሰው ነበር፤ ከመካከላቸው ሁለት እርጉዞችና አንድ ዓይነ ስውር የኔታ አሉ። አንዱ «በዚህ ጦስ ልናልቅ ነው? አውጥታችሁ ስጧቸው!» ብሎ ገድሉን አነቀው። ሌላው ከኋላ በበርጩማ ወገቡን አለው። ወደ በሩ እየጎተቱት ሳለ ሸጊቱ መሐላቸው ገባች።

«ከዚህ ግቢ ሰው ለዱላ አይሰጥም! ለፖሊስ እኔው ራሴ እሰጠዋለሁ!»

ገድሉን ገፍታ እህል ቤቱ ውስጥ ቆለፈችበትና ቁልፉን ጡቷ ሥር ሸጎጠችው። የግቢው በር ቆርቆሮ ነው። ቢዘጋ ይገነጥሉታል፤ ከገነጠሉት ደግሞ ያገኙትን ሁሉ ነው የሚጨርሱት። ስለዚህ ለፖሊስ አስደውላ፣ አለበልን አስከትላ ወጣችና በሩን በጀርባዋ ዘግታ ቆመች።

የመጡት መቅዘፊያና ድንጋይ የያዙ ወጣቶች ነበሩ። አብዛኞቹን በስም ታውቃቸዋለች። «ፖሊስ ጠርተናል፣ ልጆቼ፤ ሕግ ይፍረደው» ስትል የመጀመሪያው ድንጋይ ግራ ዓይኗ ላይ አረፈ። መቅዘፊያው የአለበልን ክንድ ሰበረ። የበሩን ቋሚ አቅፋ ያዘች። ጀርባዋን፣ ጣቶቿን፣ ባቷን ደበደቧት። ፖሊሶች ደርሰው ወደ ሰማይ እስኪተኩሱ አልለቀቀችም። ቁልፉን አውጥታ ሰጠቻቸውና ራሷን ሳተች።

ኪሩቤል በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። ሸጊቱም እዚያው ሆስፒታል ተኝታ ግራ ዓይኗን አጣች። በሳምንቱ አገርነሽ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ጥቁር ለብሳ አልጋዋ ድረስ መጣች።

«የልጄን ደም አጠብሽለት አሉኝ።»

«አዎ፣ አጠብሁለት። የማን እንደሆነ አላወቅሁም።»

«ብታውቂስ ኖሮ?»

አገርነሽ ደረቷን በቡጢ መታቻት፤ ደገመቻት። ነርሶቹ እየጎተቱ አወጧት።

ፍርድ ቤት ሸጊቱ ስለ ሸሚዙ ያየችውን ሁሉ መሰከረች፤ ገድሉ አሥራ አምስት ዓመት ተፈረደበት። ገበያው «የነፍሰ ገዳይ ጓዳ» እያለ ጀርባውን ሰጣት። ጎዳና የሚያድሩትም «አሳልፋ ሰጠችው» ብለው ሸሿት። ቅዳሜ ቅዳሜ ለገድሉ እስር ቤት ስንቅ ስትወስድ የአገርነሽን መደብ ላለማየት በጥልፍልፍ መንገድ ዞራ ነው የምትሄደው።

ከፍርዱ ከሁለት ወር በኋላ ተዘግቶ የቆየውን ግቢ ስትከፍት አሥራ አንድ ሰው ብቻ መጣ። ምሳ ሳይደርስ ሁለቱ በአንድ ብርድ ልብስ ተጣልተው ተያያዙ። ልትገላግል ስትገባ በማታይበት በኩል የመጣ ቡጢ ጣላት። ዓይነ ስውሩ የኔታ «ማን ነው የወደቀው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አለች፤ አፈሩን አራግፋ ተነሣችና ሁለቱንም በአንገትጌያቸው ይዛ አስቀመጠቻቸው።