ከሁለታችን ነው

ዳባት ትምህርት ቤት ስገባ ከእኩዮቼ አላንስም ነበር። ከዚያ በኋላ እነሱ ሲመዘዙ እኔ ባለሁበት ቀረሁ። ጉልበቶቼ ወደ ውስጥ ገቡ፣ ደረቴ ወደ ፊት ወጣ፣ የእጄ አንጓ ላልቶ እስክሪብቶ እንኳ ያደክመኝ ጀመር። ትምህርቱ ግን አልከበደኝም።

እናቴ ጥፋቱ የእሷ እንደሆነ ታምን ነበር። እኔን አርግዛ ከአምባ ጊዮርጊስ ስትመለስ ወድቃለች። ጎረቤቱም ይህንኑ ያነሳል፤ አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ በእናቴ ዘር አንድ ነገር አለ ብላ ታወራለች። አባቴ ቄስ ናቸው። ጠበል ወሰዱኝ፣ ጸለዩልኝ፤ ስለ ወሬው ግን ቃል አይተነፍሱም። እናቴን ከወሬው የባሰ የጎዳት ዝምታቸው ይመስለኛል።

በዕድሜ ከፍ ስል ጎንደር አንዲት የሕፃናት ሐኪም አየችኝ። ደሜ ውጭ አገር ተልኮ ወራት ጠበቅን። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ ሦስታችንንም አስቀምጣ አስረዳችን። በሰውነታችን ውስጥ ረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶች አሉ፤ ሰልፌት የሚባል ነገር ተጣብቆባቸዋል። ሰንሰለቱ አርጅቶ እንዲፈርስ ሰልፌቱ መነቀል አለበት። ያን የሚነቅለው ኢንዛይም እኔ ውስጥ አይሠራም። ስለዚህ ያልፈረሰው ስኳር አጥንቴና መገጣጠሚያዬ ላይ ይከማቻል። ኢንዛይሙን በደም ሥር የሚተካ መድኃኒት አለ፣ እኛ አገር ግን አይገኝም አለችን።

እናቴ ልንወጣ ስንል ስለዚያ መውደቅ ጠየቀች።

«መውደቅዎ አላመጣውም» አለቻት ሐኪሟ። «ከእናትም ከአባትም እኩል ነው የወረሰችው። ከአንዳችሁ ብቻ ቢሆን አትታመምም ነበር።»

እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቴ ሰንበቴ ላይ ለመናገር ተነሱ። አክስቴም፣ ጎረቤቱም እዚያው ነበር።

«የልጄ ሕመም ከሁለታችን ነው» አሉ ረጋ ብለው። «ከእኔም ይሆን ብዬ ቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ። ከእንግዲህ የሚወራ ካለ በእኔም ይወራ።»

አክስቴ ያን ዕለት ሳትሰናበት ሄደች፤ ለፋሲካ ግን እናቴን ለመጠየቅ መጣች፣ አብረውም በሉ።

አሁን ደባርቅ ሒሳብ አስተምራለሁ። አናጢ ከሰሌዳው ሥር መቆሚያ ሠርቶልኛል። ብርዱ ሲጠና ዳሌዬን ያመኛል፣ ሕመሙ የአንገት አጥንትንም ስለሚያላላ ለአንገቴ እጠነቀቃለሁ። መድኃኒቱ እስካሁን አልመጣም። ጎንደር በሄድኩ ቁጥር እጠይቃለሁ።