ታጥቦ የሄደ እግር

ባለፈው ሳምንት ልጄ ዊንጌት አካባቢ ወዳለች የእግር ሐኪም ወሰደችኝ። ስኳር ስላለብኝ ነው። ሐኪሟ ዝቅ ብላ እግሬን ለብ ባለ ውሃ ስታጥበው፣ የአባቴ እግር ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ልጅ ሳለሁ ነው፤ ዕለቱ ጸሎተ ሐሙስ ነበር፣ ቄሱ የምእመናኑን እግር የሚያጥቡበት ቀን። አባቴ ግንበኛ ነው፤ ተረከዙን ሲሚንቶ ሰነጣጥቆት የስንዴ ፍሬ ቢገባበት አይወጣም። "ይህን እግር ለቄስ እንዴት ልዘርጋ?" ብሎ ጠዋት ደጃፍ ቁጭ አለና በድንጋይ ይፈገፍገው ጀመር። እናቴ፣ "ኧረ ሰውዬ፣ ተረከዝ ነው፣ ግድግዳ አይደለም!" ብትለው አልሰማም።

ተራው ደርሶ እግሩን ሳፋው ውስጥ ሲከት ውሃው ቀላ። ቄሱ ቀና ብለው አዩትና፣ "ልጄ፣ ጴጥሮስ እንኳ እግሬን አታጥብም አለ እንጂ፣ አጥቤው መጥቻለሁ አላለም" አሉት። ሰዉ ሳቀ። እኔም ጴጥሮስ ማን እንደሆነ ሳይገባኝ አብሬ ሳቅሁ። በማግሥቱ ስቅለት ሕዝቡ ሲሰግድ፣ አባቴ ዱላውን ተደግፎ አንገቱን ብቻ ሲነቀንቅ ዋለ።

ሐኪሟ ተረከዜን አገላብጣ አየችና፣ "አባባ፣ ይሄ አዲስ ቁስል ምንድነው?" አለችኝ።

"እ... ጠዋት በድንጋይ ትንሽ አሸት አድርጌው ነበር።"

"ለምን?"

"አንቺ ፊት ቆሽሾ እንዳይቀርብ ነዋ።"

"የስኳር እግር እኮ ሲቆስል አይሰማዎትም! እንዲህ ሆኖ ነው የሚቆረጠው።"

ቁስሉን አሽጋ ለሚመጣው ወር ቀጠረችኝ። ልጄ ግን ከወዲሁ የግቢውን ድንጋይ እየለቀመች ነው።