ሻዩ እስኪያልቅ

ወንድሜን ሰው ሁሉ «ቴርሞሜትሩ» ነበር የሚለው። እኔ ግን ታላቄ ስለሆነ ወንድም ጋሼ ነው የምለው፤ ስናደድበትም ወንድም ጋሼ ነው። ብዙ ጊዜ እናደድበት ነበር። አሁን በማን እንደምናደድ ለራሴም ግራ ገብቶኛል።

የምንኖረው በረሃ ውስጥ፣ ጨዋማ ሐይቅ ዳር፣ ሰዎች ድንኳን ተክለው በሚያድሩበት ካምፕ ነው። የሐይቁ ውሃ አይጠጣ፣ አይታጠቡበት፤ የዋኘበት ሰው ዱቄት የተነፋበት መስሎ ነው የሚወጣው። እንግዳ የሚመጣው ለፍል ውሃው ነው። ፍል ውሃው ከድንጋዩ ሥር ሲወጣ እንቁላል ይቀቅላል፤ እውነቴን ነው፣ ቀቅለን በልተናል። ስለዚህ ከጉድጓድ የሚሳብ ቀዝቃዛ ውሃ በቦይ መጥቶ ገንዳው ውስጥ ይቀላቀልበታል። የሁለቱን ልክ ማግኘት ነበር እንግዲህ የወንድም ጋሼ ሥራ። ካምፑ አንዴ እውነተኛውን ቴርሞሜትር ገዝቶ ነበር፤ ጨው በላው። ሌላ ተገዛ፤ እሱንም በላው። ከዚያ በኋላ የወንድም ጋሼ እግር ይበቃል ተባለ።

ጠዋት ጠዋት እንግዶቹ ፎጣቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው ገንዳውን ይከባሉ። ወንድም ጋሼ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ ይዞ፣ ውሃው ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ወደሚልበት የመጀመሪያው ደረጃ ይወርዳል። እዚያው ቆሞ ሻዩን ይጠጣል። ሻዩ አልቆ እሱ ካልወጣ ውሃው ደህና ነው ማለት ነው። ብርጭቆውን ገልብጦ «ግቡ!» ይላል። ከዚያ በፊት ማንም ንቅንቅ አይልም። ነገሩ የተጀመረው አንድ ቀን እንቅልፍ ጥሎት ዘግይቶ፣ ሻዩን እንደያዘ ስለገባ ነው። እንግዶቹ ሳቁ፤ በዚያው ደንብ ሆኖ ቀረ። ፎቶ ያነሱታል። እሱም ሲወድ! ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ነው የሚቆመው፣ ኩራቱ!

በጎረምሳነቱ ጨው ጫኝ ነበር። ወገቡ እምቢ ሲለው ይኼ ገንዳ ይሠራ ስለነበር ድንጋይ አቀባይ ሆነ፤ ሥራው ሲያልቅ ሂድ ያለው ስላልነበረ ቀረ። አግብቶም ነበር። ሚስቱ «ጨው እየላስኩ አላረጅም» ብላ ሄደች፤ አልፈርድባትም። ልጅ የለውም። እኔ ደግሞ ባሌ ሲሞት ወደ እሱ መጣሁ። ድንኳን እተክላለሁ፣ አንሶላና ብርድ ልብስ አጥባለሁ። ከወጥ ቤቱ ጀርባ አንድ ክፍል ሰጥተውናል፤ ሁለት አልጋ፣ መሃል ላይ መጋረጃ። ክፍሉ የሥራው ነው። ሥራው ከሄደ ክፍሉም ይሄዳል፤ ሌላ መጠጊያ የለንም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ መሬት ላይ ያሰጣሁትን አንሶላ ረግጦ አለፈ። ልጮህበት ዞር ስል አንሶላው ላይ ደም አየሁ።

«ወንድም ጋሼ! እግርህን!»

«ምን ሆነ?» አለ፣ ወደ ታች እንኳ ሳያይ።

ተረከዙ ውስጥ ሚስማር ተሰክቶ አብሮት ይሄዳል። ቁጭ አድርጌ ስነቅልለት እሱ ስለ እራት ያወራኛል። እራት ምን እንደምንበላ! ሚስማሩን መዳፉ ላይ ሳስቀምጥለት ነው እግሩን ያየው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

«ቀስ እያለ ነው፣ እታለም። መጀመሪያ ጣቶቼ ተኙ። ይነቃሉ ብዬ ጠበቅኩ።»

እየጎተትኩ ክሊኒክ ወሰድኩት። ስኳር ነው አሉ፤ ሲከርም እግርን እንዲህ ያደነዝዛል። ነርሷ «ባዶ እግርዎን እንዳይሄዱ፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ደግሞ ጨርሶ እንዳይገቡ» አለችው። እኔና እሱ ተያየን፤ ሳቅ አመለጠን። ልጅቷ ያበድን ሳይመስላት አልቀረም።

«ለዣንጥላው እንንገረው» አልኩት ክፍላችን ስንገባ። ዣንጥላው የምንለው ሥራ አስኪያጁን ነው፤ ከጥላው ሥር ወጥቶ አያውቅም።

«አብደሻል? ምን ሊያደርገኝ? እግሩ የማይሠራ ቴርሞሜትር ይጣላል።»

«እሺ፣ በእጅህ ሞክረዋ!»

«ያ ሁሉ ሰው እያየኝ ልንበርከክ? ያን ቀን ነው የሚነቁብኝ።»

ጭቅጭቅ ሆነ። አልቅሼም፣ ተሳድቤም፣ አኩርፌም ሞከርኩት፤ ድንጋይ ነው። በመጨረሻ እንግዶቹ ሳይነሱ እኔ ገብቼ ውሃውን ልፈትን፣ ልኩን ካገኘ ቀይ ፎጣ ልብስ መስጫው ገመድ ላይ ልሰቅል ተስማማን። እሱ ፎጣውን አየት አድርጎ ይገባል፣ ሻዩን ይጠጣል፣ ይጨበጨብለታል። ሥራው ቲያትር ሆነ። በጋው እንዲሁ ተጋመሰ፤ ማንም አልነቃም።

ያን ቀን ካምፑ ጢም ብሎ ነበር። ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል። ውሃው ግን ልኩን ይዞ ነበር፤ በራሴ እግር ነው ያየሁት። ፎጣውን ሰቅዬ አንሶላ ልሰበስብ ወደ ድንኳኖቹ ሄድኩ። ወንድም ጋሼ ወዲያው መግባት ነበረበት። እንግዶቹ ግን ከኛ ጋር ፎቶ ተነሳ፣ ከነሱም ጋር፣ ከልጆቹም ጋር እያሉ አቆዩት።

ከድንኳኖቹ መሃል ሆኜ «ግቡ!» ሲል ሰማሁት። ቀጥሎ አንድ ሰው ጮኸ፤ ከዚያ ትልቅ ሳቅ። አንድ ወፍራም እንግዳ ጣቱን ነክሮ «ኧረ ያቃጥላል!» እያለ ወደ ኋላ ዘሏል። ወንድም ጋሼ ውሃው ውስጥ እንደቆመ ባዶ ብርጭቆውን ያሳየዋል።

«አይዞዎት ጌታው፣ ውሃ ነው እንጂ አማት አይደለም!»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ፈገግ ብዬ ነበር። እንፋሎቱ ወፍራም ነው፤ በብርድ ጠዋት ግን ሁልጊዜም ወፍራም ነው፣ ማንም ቁብ አይሰጠውም። ከዚያ ዓይኔ ቦዩ ላይ አረፈ። ደርቋል። ቀዝቃዛው ውሃ የለም።

አንሶላውን ጥዬ ሮጥኩ። «ውጣ! ወንድም ጋሼ፣ ውጣ!»

«ምን ሆነሻል እታለም? ሰው ፊት!» አለኝ፣ እየሳቀ፣ ስለ እኔ አፍሮ።

ክንዱን ይዤ ጎተትኩት። ወጣ፤ የእግሩ ቆዳ ግን ደረጃው ላይ ቀረ። ሳቁ ጸጥ አለ። ወንድም ጋሼ የሌላ ሰው እግር እንደሚያይ ቁልቁል አየው። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። አላመመውም፤ ፊቱ ላይ ያለው እፍረት ብቻ ነበር። ምነው ባመመው! ምነው በጮኸ!

ሆስፒታል ያደረሰን አንድ ነጭ መኪና ያለው እንግዳ ነው። ሳይጠሩት ነው የመጣው፤ ተሸክሞ አስገባው፣ መንገዱን ሙሉ «አይዟችሁ» ይለናል። ወንድም ጋሼን ጭኔ ላይ አስተኝቼ በመስኮቱ ሳይ ከጣሪያው ውሃ ይንጠባጠባል። መኪናው ገና አልደረቀም። ከጨው የጸዳ፣ አብረቅራቂ። ያኔ ገባኝ። መኪናው ጨው ለብሷል፤ ሰውዬው በቦይ የሚወርድ ንጹህ ውሃ አየ፤ ቦዩን በድንጋይ ዘግቶ ውሃውን ወደ መኪናው መለሰው። የገንዳው ማብረጃ መሆኑን ማን ነግሮት? ክፉ ሰው አይደለም፤ እንባው እየወረደ ነው የሚነዳው። አልነገርኩትም። እስከ ዛሬም አያውቅም፤ እኔ ግን አንዳንዴ ብቻዬን ሆኜ እሰድበዋለሁ።

ሐኪሙ ሁለቱም እግሮች መቆረጥ አለባቸው አለ። ወንድም ጋሼ «ቁረጧቸው፣ ከሞቱ ቆይተዋል» አለ፤ ቀልዱ ነው። ማንም አልሳቀም። እኔ ኮሪደር ላይ ወጥቼ ግድግዳ ይዤ አለቀስኩ።

ዣንጥላው ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀን መጣ። ብዙ አዘነ፤ እውነት አዝኖ ነበር። ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ «ከክፍሉ ውጡ አልላችሁም» አለኝ። «ግን ገንዳው ሰው ይፈልጋል።» ይኼን ሲል እግሬን እያየ ነበር።

አሁን ውሃ ውስጥ የምቆመው እኔ ነኝ። እንግዶቹ የሚስቁት ሳቅ እስከ ክፍላችን ድረስ ይሰማል። ወንድም ጋሼ ከመጋረጃው ወዲያ ተኝቶ ይሰማዋል። ስመለስ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የሚጠይቀኝ።

«ዛሬስ እንዴት ነው? ደስ ይላል?»

«ምን ደስ ይላል? ውሃ ነው በቃ» እለዋለሁ።

ውሸቴን ነው። በዚያ ብርድ እግሬን ስከተው ሙቀቱ በጉልበቴ ወጥቶ ወገቤ ድረስ ይሰማኛል፤ ሌሊቱን ሲጠዘጥዘኝ ያደረው ሁሉ ይለቀኛል። ደስ ይላል። ዓይኔን ጨፍኜ ትንሽ ልቆይ እላለሁ። ወዲያው እሱ ትዝ ይለኛል፤ ራሴን እጠላለሁ።

ባለፈው ሳምንት እንደልማዱ ጠየቀኝ፤ እንደልማዴ መለስኩለት። መጋረጃውን በእጁ ገለጥ አድርጎ ትክ ብሎ አየኝ።

«ውሸታም» አለኝ። «ደስ ይላል።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ወዲህ ስለ ውሃው ጠይቆኝ አያውቅም።