ከሥዕሌ የጎደለው ጫፍ

ትናንት የመጣች የጎረቤት ልጅ ግድግዳችን ላይ የተለጠፈውን ረጅም ሥዕሌን አይታ፣ «ጫፉን ማን ቀደደብሽ?» አለችኝ። እንደ ልማዴ አንገቴን ደፍቼ መጥረጊያዬን አነሳሁ። ከሄደች በኋላ ግን አቦይ ኪሮስ ከዓይኔ አልጠፉም።

እሳቸውን ሳውቃቸው ከስድስተኛ ክፍል ትምህርቴን ያቋረጥኩ ልጅ ነበርኩ። ሰው ፊት መናገር ያስፈራኛል። ስለዚህ ከሰቆጣ በላይ ወዳለው ኮረብታ ወጥቼ ከተማዋን በከሰል እሥል ነበር። ወረቀቴ የሲሚንቶ ከረጢት ውስጠኛው ንብርብር ነው። አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ትንሽ ትንሽ እየዞርኩ፣ ያየሁትን በየወረቀቱ እሥልና ቤት ገብቼ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን በሊጥ አጣብቃቸዋለሁ። ቤተ ክርስቲያኑ፣ የድንጋይ ቤቶቹ፣ ቆርቆሮው፣ የገበያው ሜዳ፣ በመጨረሻም ከከተማው ዳር የተፈናቃዮቹ ድንኳኖች። እዚያ ላይ ጨረስኩ ብዬ ነበር።

አቦይ ኪሮስ ከነዚያ ድንኳኖች በአንዱ ከባለቤታቸው ጋር የተጠለሉ የአበርገሌ ገበሬ ነበሩ። ከጦርነቱ ሲሸሹ የለበሱትን ብቻ ይዘው ነው የወጡት። እያሳሉ፣ እያረፉ ኮረብታው ላይ ይወጡና ወደ ተከዜ ወደሚወርደው ቆላ ዞረው ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ሲጠጉኝ ወረቀቱን በነጠላዬ ሸፈንኩት።

«የሰው በግ ሰርቀሻል እንዴ፣ የምትደብቂው?» አሉኝ።

ሳቄ አመለጠኝና አሳየኋቸው። በጣታቸው ከቤት ወደ ቤት እየተከተሉ ሄደው ድንኳናቸው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«እዚህ ላይ ምን አቆመሽ?»

«ከተማው አለቀ፣ አቦይ።»

«ከተማ ሲያልቅ አገር ያልቃል? በይ ዙሪ። እኔ መግባቴን እንጃ፤ ሥዕልሽ እንኳ ቤቴ ይድረስ።»

በማግስቱ አንድ ወረቀት ጨመርኩ። ሚያዝያ ነበር፤ ቆላው አቧራ ለብሶ ከተራሮቹ ጀርባ በቀር የሚታይ የለም። የማሽላ ቆሎ እያዘገኑኝ፣ «ከዚያ ተራራ ሥር ወርካ አለ፤ ከወርካው ወዲህ ቤቴ» ይሉኛል።

«እኔ አይታየኝም። ያላየሁትን ብሥል የሌላ ሰው ቤት ይሆንብዎታል።»

ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። «እንግዲያው አትንኪው። ባዶውን ተይልኝ፤ አገር ሰላም ሲሆን መጥተሽ አይተሽ ትሥይዋለሽ።»

ተራሮቹን ሥዬ፣ ጣታቸው ያረፈበትን ቦታ ባዶውን ተውኩት።

ክረምቱ ሳይወጣ አቦይ ኪሮስ ሞቱ፤ ሰቆጣ ተቀበሩ። መንገዱ ተከፍቶ ተፈናቃዮቹ ሊመለሱ ሲሰናዱ፣ ባለቤታቸው እማማ ለተብርሃን ቤታችን መጡ። በእኛ አገር ሰው ሲሞት ልብሱም በትሩም ለቅሶው ላይ ወጥቶ፣ ያ እየታየ ይለቀሳል። ሩቅ አገር ለሞተም ዘመዶቹ በቀዬው እንደገና ለቅሶ ይቀመጡለታል።

«ጋቢውን አልብሰን ቀበርነው። ፎቶ የለው፣ በትር የለው» አሉ። «እህቶቹ ምን አይተው ያልቅሱ፣ ልጄ?»

ቤቱ ሰው ሞልቶታል። ሥዕሉን ከአቦይ በቀር ለማንም አሳይቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን መሬት ላይ ዘረጋሁት። እማማ ለተብርሃን ጫፉ ላይ ጎንበስ አሉ።

«ይቺ ባዶዋ ምንድን ናት?»

«ቤትዎ ናት።»

በመዳፋቸው ባዶዋን ዳበሱ። ሊጡን በውሃ እያራስኩ የመጨረሻዋን ወረቀት አላቀቅኩላቸው፤ ደርቆ ስለነበር ዳሩ ተቦጫጨቀ። በኋላ እንደሰማሁት፣ አበርገሌ ለቅሶው ላይ የአቦይ ታላቅ እህት ያችን ወረቀት ከራሷ በላይ አንስታ ይዛ ነው ያለቀሰችው።

እኔ አበርገሌን እስካሁን አላየሁም። ያቺ የጎረቤት ልጅ ትናንት ስትወጣ፣ «ሌላ ወረቀት ቀጥይበት እንጂ» ብላኛለች። አልቀጥልበትም። ነገ ከመጣች፣ ድምፄ እሺ ካለኝ፣ እንዲህ እላታለሁ፦ ማንም አልቀደደውም፤ ቤቱ ደርሷል።