ጥቁር በመጨረሻ ነው
አናጢው ሲደውል ነጭ ሽንኩርት እየላጥሁ ነበር። እህቴ የምትሠራበት ክፍል ከእሱ ወርክሾፕ በላይ ነው። «ቶሎ ነይ» አለኝ። «አሟት ነው?» ብለው፣ «ወንበሯ ላይ ናት። ብጠራት ብጠራት አልመልስ አለችኝ» አለ። ምድጃውን አጥፍቼ ወጣሁ።

ስደርስ እንጨት የምትፈለፍልበት መሮ ጭኗ ላይ ወድቆ ነበር። እንዳይቆርጣት ቀስ ብዬ አነሣሁት።

ታላቄ ናት፤ እትዬ ነበር የምላት። አባታችን የቤት ቀለም ቀቢ ነበር፤ ቀለም መደባለቅን የተማረችው ከእሱ ነው። ጎረቤቶች «ሴት ልጅ መሰላል ላይ ምን ትሠራለች?» ሲሉት፣ «ወንዶቹ ከፍታ ይፈራሉ፣ ምን ላድርግ?» ይል ነበር። እሱ ሲደክም እሷ የሱቅ ማስታወቂያ መሣል ያዘች። አንድ ጊዜ ለጥርስ ሐኪም የሣለችው መንጋጋ ቁርጥ እውነተኛውን መሰለና ሰውየው መጥቶ፣ «እመቤቴ፣ ሰው በሩ ላይ ደርሶ እየተመለሰብኝ ነው። እባክሽ ትንሽ ፈገግ አድርጊው» ብሏታል። ፈገግ አደረገችለት። ይብስ አስፈራ።

የምትተዳደረው በዚህ ነበር፤ ልቧ ግን ህትመት ላይ ነው። እንጨት ትፈለፍላለች፣ በሩሎ ቀለም ትቀባዋለች፣ ከዚያ ወረቀት አልብሳ በማንኪያ ጀርባ ትፈትገዋለች፤ ከአንዱ እንጨት ብዙ ወረቀት ይታተማል። «ሥዕል አንድ ሰው ቤት ይገባል፤ ይኼ ግን ለሁሉም ይዳረሳል» ትል ነበር። ወረቀቱን የማለብሰውና የማነሣው እኔ ነኝ። የእሷ ጥፍር ከቀለም ጠርቶ ስለማያውቅ፣ ንጹሕ እጅ የሚፈልገው ሥራ ለእኔ ተተወ።

የመጨረሻ ሥራዋ የሰፈራችን ሴቶች ጠዋት አውቶቡስ ሲጠብቁ የሚያሳይ ነው። ሁሉም ተራ በተራ መጥተው ተቀምጠውላታል፤ ለእያንዳንዳቸውም አንድ አንድ ልትሰጣቸው ቃል ገብታለች። ለየቀለሙ የራሱ ጣውላ አለው። ቢጫው ታተመ፣ ቡናማውም ታተመ። ጥቁር በመጨረሻ ነው፤ ዓይኑም አፍንጫውም ያለው በእሱ ላይ ነው። በዚያ ጊዜ ትከሻዋ እምቢ ይላት ነበር። ከፈለፈለች በኋላ ኩባያ ማንሣት ያቅታታል። «ትንሽ እረፊ እንጂ» ስላት፣ «ማን ይጨርስልኛል? አንቺ እንደሆነ ሽንኩርት እንኳን አስተካክለሽ አትከትፊ» ትለኛለች።

ከእህቴ ቀብር በኋላ ከተሣሉት ሴቶች አንዷ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ መጣች። ገመድ ላይ የተሰጡትን ወረቀቶች አየች። ቢጫና ቡናማ ብቻ ናቸው።

«እኔ የቷ ነኝ?»

«ከጫፍ ሁለተኛዋ።»

«ይቺ ወፍራሟ?»

«ጃኬት ደርበሽ ነበር።»

«ጃኬት ትላለች! እሷ እኮ ሰው አትሸፋፍንም ነበር፤ ነፍሷን ይማር።» ሳቀች፤ ከዚያ በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች። «በይ እህቴ፣ ጥቁሩን አንቺ አትሚው። ስንት ዘመን አብረሻት ሠርተሻል።»

ጣውላውን አሳየኋት። አብዛኞቹ ሴቶች ተፈልፍለው አልቀዋል። ጫፍ ላይ ያሉት ሦስቱ ግን በእርሳስ ብቻ ናቸው፤ አንዷ ልብስ ሰፊዋ ናት። ያልተፈለፈለ እንጨት ድፍን ጥቁር ነው የሚያትመው።

«እንዲሁ ባትመው ከነጃኬትሽ ግድግዳ ትሆኛለሽ» አልኋት።

አናጢው ከታች ሰምቶ ወደ እኛ ወጣ። «መስመሯን ተከትዬ ልፈልፍለው?» አለ። ደግ ሰው ነው። መጀመሪያ በቁራጭ እንጨት ላይ የልብስ ሰፊዋን ፊት ሞከረ፤ እኔ ቀባሁና አተምሁት። መስመሩ ንጹሕ ነበር፤ የትም አልሳተም። ልብስ ሰፊዋ ትኩር ብላ አየችው።

«ወንድሜ፣ የቁም ሳጥን በር አስመሰልኸኝ እኮ።»

«እውነትሽን ነው» አለ፤ አልተቀየመም። «እጄ የለመደው እሱን ነው።»

ከገመዱ አንዱን ወረቀት አውርጄ፣ እንዳለ ውሰጂው አልኋት።

«ፊት የሌለው ሰው ልስቀል? ባሌ ማን ናት ቢለኝ ምን ልለው ነው?» አለችና መልሳ ሰጠችኝ። «ይቆይ።»

ወረቀቶቹ ደርቀዋል፤ አንሥቼ በጨርቅ ጠቅልያቸዋለሁ። ጥቁሩ አልታተመም። የሦስቱ ሴቶች ፊት አልተፈለፈለም።