ምርቃቱ ለማን ይሁን?

«ቆይ፣ መጀመሪያ ያ አውሮፕላን በማን እጅ እንደሚሄድ ንገረኝ» ብዬ እጄን ከእህቴ ልጅ ራስ ላይ አነሣሁ። ልጁ አብራሪ ነው። ከነገ ወዲያ አዲስ ዓይነት አውሮፕላን ስለሚጀምር፣ ከአዲስ አበባ ሆመቾ ድረስ መጥቶ ፊቴ ተንበርክኳል። በእኛ ቤት የእናቱ ወንድም ሳይመርቀው አዲስ ሥራ የሚጀምር የለም።

«አጎቴ፣ በድሮው መሪውን ስስብ የብረት ገመድ ይጎትታል፤ ክብደቱ እጄ ላይ ይሰማኛል። በአዲሱ ግን ትእዛዜ በኤሌክትሪክ ወደ ኮምፒዩተር ይሄዳል። ከልክ በላይ ብስብ እምቢ ይለኛል።»

«እምቢ ካለ ማን ያሸንፋል?»

«እሱ ነዋ። ለደኅንነት ተብሎ ነው።»

በቅሎዬ ትዝ አለችኝ። አንድ ጊዜ ከገበያ ስመለስ እንቅልፍ ይዞኝ ወደ ገደል ብስባት፣ እምቢ ብላ አተረፈችኝ። ያን ቀን የመረቅኩት እሷን ነው።

«እንግዲያው የምመርቀው እሱን ነው። ስሙ ማነው?» አልኩት።

ልጁ ደንግጦ ቀና ብሎ አየኝ። እናቱ በር ላይ ቆማ ትሰማን ኖሮ፣ እየሮጠች ገብታ እጄን ያዘችና መልሳ ልጇ ራስ ላይ ጫነችው።

«ጋሼ! ኮምፒዩተሩን እኔ አላማጥኩትም! ያማጥኩትን መርቅልኝ!»